ጠባሳ ያለበት ገፀ ባህሪ እንዴት ይጻፋል?

ሥራዬ የቃጠሎ ክፍል ነርስ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። በብዙ ታሪክ ውስጥ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ክፉነቱ ይታወቃል። ክፉ ካልሆነ ደግሞ አንባቢ ለማስለቀስ የገባ ምስኪን ነው። ሁለቱም ያናድደኛል። እኔ ፋሻ የምፈታላቸው ሰዎች ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ቡናው ቀጠነ ብለው ያማርራሉ።

መጀመሪያ ጠባሳው ከምን እንደመጣ ወስኑ። ቦታውንና መልኩን የሚወስነው እሱ ነው። ሕፃን ልጅ የፈላ ውሃ ከላይ ጎትቶ በራሱ ላይ ሲደፋ ጉዳቱ ፊት፣ አንገት፣ ትከሻና ደረት ላይ ይበረታል። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ምድጃ ላይ ስትወድቅ ግን ራሷን ስለሳተች ከእሳቱ አትሸሽም። ቃጠሎው ጥልቅ ይሆናል፤ ጣት እስከ ማጣት ይደርሳል። አሲድ ወደ ታች ይፈሳል፤ ጠባሳውም የፈሰሰበትን መንገድ ይዞ ይቀራል። የፈንጣጣ ጠባሳ ካማራችሁ ደግሞ ዘመኑን ቁጠሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. እዚሁ አገር የተወለደ ጀግና ፊቱ በፈንጣጣ ሊበሳሳ አይችልም።

ጊዜውንም አስቡ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ባሉት ወራት ጠባሳው ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ያሳክካል። ማሳከኩን አቅልላችሁ አትዩት፤ እንቅልፍ ይነሳል። ረግቦ እስኪለሰልስ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ የጠባሳ ዓይነት ከሆነ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያድጋል።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ ጠባሳው ምን እንደሚመስል ትታችሁ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። አልማዝ የምትባል ገፀ ባህሪ አለችን እንበል። በልጅነቷ አንገቷና ደረቷ ተቃጥሏል። ቆዳው ሲድን ተሰብስቦ አገጯን ወደ ደረቷ ስቦታል። ከኋላዋ ሰው ሲጠራት አንገቷን ብቻ አታዞርም፤ በትከሻዋ ነው የምትዞረው። ብርጭቆ ለመጨለጥ ከወገቧ ወደ ኋላ ትለጠጣለች። በጥልቀት የተቃጠለ ቆዳ አያልበውም፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ ቶሎ ትዝላለች፣ ጀርባዋ በላብ ሲርስ ደረቷ ደረቅ ነው። ጭኗ ላይ ደግሞ የተቃጠለው ቦታ ላይ ለመትከል ቆዳ የተወሰደበት አራት ማዕዘን ምልክት አለ። እሱን የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው። ጠባሳው የዓይን ቆቧን የሚስብ ቢሆን ኖሮ ዓይኗ ሳይገጠም ትተኛ ነበር፤ ጠዋት ቀልቶ ይነሳል። ይህን ሁሉ ከጻፋችሁ በኋላ «አስፈሪ» የሚለው ቃል ምን ይሠራላችኋል?

ከዚያ ሰው አለ። ታክሲ ውስጥ የማታውቃት እናት «ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ? እግዜር ይማርሽ» ትላታለች። አልማዝ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላት፦ «ልጅ ሆኜ ነው፣ ውሃ ነው።» አለቀ፤ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ትንሽ ልጅ ሲጠይቃት ግን ቁጭ ብላ ሙሉውን ልትነግረው ትችላለች። ለማን ምን ያህል እንደምትናገር ስታውቁ ጠባይዋን ታገኙታላችሁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የተወጋ ሰው ቀኑን ሙሉ ቁስሉን ሲያስብ አይውልም። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት አለ። ስለዚህ አልማዝን ከሃያ ዓመት በኋላ መስታወት ፊት አቁማችሁ አታስለቅሷት። የመስታወት ትዕይንት የግድ ካስፈለጋችሁ ቦታው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። እኛ ጋ ብዙዎቹ ራሳቸውን መጀመሪያ የሚያዩት በስልክ ካሜራ ነው። አንዳንዱ ስልኩን ይቀበልና ሳይከፍተው ትራሱ ሥር ይከተዋል።

መጨረሻው ላይ ተአምር አታምጡ። ቀዶ ሕክምና የተሰበሰበውን ቆዳ ይፈታል፣ አንገት እንዲዞር ያደርጋል። ጠባሳውን ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም አዲስ የስፌት መስመር ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ለወራት በቅባት ማሸትና አንገትን ማለማመድ አለ፤ ያማል። ከተወችው ቆዳው ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላል። ይሄን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር አትዝለሉት፤ ቢያንስ ሁለት ገጽ ስጡት።