ኦንላይን ኮርስ ስታዘጋጁ ካሜራው መጨረሻ ይምጣ

ኮርስ ላዘጋጅ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ካሜራና ማይክ ነው። ቆይ፣ ገና ነው። በቅድሚያ ተማሪው ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ኤክሴል ይገባዋል» አይበቃም፤ መግባቱን በምን ታውቃላችሁ? «የወሩን ገቢና ወጪ በሠንጠረዥ አስገብቶ፣ ደምሮ፣ በግራፍ ያሳያል» ካላችሁ ግን ሲሠራ ማየት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ የመጨረሻውን ፈተና አዘጋጁ። አዎ፣ ከትምህርቱ በፊት! ለምሳሌ የተዘበራረቀ የወጪ ዝርዝር ሰጥታችሁት ያስተካክል። ፈተናው ከታወቀ ለእሱ የማይጠቅመውን ሁሉ ሳትሳሱ ታወጣላችሁ። እኔ በዚህ አልደራደርም፤ ብዙ ኮርስ የሚንዛዛው አዘጋጁ የሚያውቀውን ሁሉ ካልተናገርኩ ስለሚል ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪዎች በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ አሳይቷል። ታዲያ የአንድ ሰዓት ንግግር ቀድቶ መቆራረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ያው ጥናት ከጅምሩ ለአጭር ቪዲዮ ታስቦ የተዘጋጀው የተሻለ እንደሚታይ አግኝቷል። ለአንድ ቪዲዮ አንድ ሐሳብ ስጡ።

ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በኋላ ጥያቄ ይኑር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኬ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ከራሳቸው አውጥተው እንዲጽፉ የተደረጉት በለጧቸው። ስለዚህ ጥያቄ ማርክ መስጫ ብቻ አይደለም፣ ራሱ ማስተማሪያ ነው። የተሳሳቱትን አማራጮች ደግሞ ሰው በእውነት ከሚሠራው ስህተት ውሰዱ፦ ድምሩ ለምን አነሰ? ቀመሩ የመጨረሻውን ረድፍ ስላላካተተ። መልሱን ስትሰጡ «ተሳስተሃል» ብላችሁ አትለፉ፣ የቱን ረድፍ እንደዘለለ አሳዩት።

ሁሉንም ከመቅረጻችሁ በፊት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ጨርሱና ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ስጡት። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ግን አትርዱት። ወደኋላ መልሶ ያየበትን፣ ዝም ብሎ የፈዘዘበትን፣ «ቀጥል» የሚለውን አጥቶ የፈለገበትን ቦታ መዝግቡ። እዚያ ላይ አስተካክሉና ለሌላ ሰው ደግማችሁ ስጡ፤ ሁለተኛው ሰው ሳይጠይቃችሁ ከጨረሰ የቀረውን መቅረጽ ትችላላችሁ።