ሳይዋሹ ሌላ ሥራ መፈለግ

ጎንደር ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሌላ ሥራ እየፈለገ መሆኑን ለብዙ ጊዜ ደብቆ መቆየት ይቸግረዋል። ፒያሳ ላይ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲያነብ ያየው ሰው ከአሠሪው ጋር በአንድ ዕድር ወይም በአንድ ሰንበቴ የሚገናኝ ሊሆን ይችላል፤ ማራኪ ሰፈር የተወራው አዘዞ ሰፈር ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሰብ የሚገባው፣ ነገሩ አንድ ቀን ቢታወቅ አሠሪዬን ቀና ብዬ ማየት እችላለሁን የሚለውን ነው።

ሌላ ሥራ መፈለግ በራሱ ክህደት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ ሕጉ አሳውቅ የሚለውም ለመልቀቅ ሲወሰን እንጂ ገና ሲታሰብ አይደለም። ያልተጨበጠ ሐሳብን ለአለቃ አለመንገር እንግዲህ ውሸት አይባልም፤ ውሸት የሚሆነው ዝምታውን ለመሸፈን የሌለ ነገር መፍጠር ሲጀመር ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሳለሁ ባሕር ዳር ለፈተና ተጠራሁና «እናቴ ታማብኛለች» ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ማታ ቤት ስገባ አለቃዬና ሁለት ባልደረቦቼ ሊጠይቋት መጥተው፣ ብርቱካንና ስኳር የያዘ ፌስታል አጠገባቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል፤ እናቴ ደግሞ ምንም ሳይገባት ቡና እያፈላችላቸው ነው። አለቃዬ አንድ ቃል አልወጣውም። ቡናውን እስከ ሁለተኛው ጠጥቶ፣ «እንኳን ደኅና ሆኑልን እናቴ» ብሎ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል አብሬው ስሠራ የካዝናውን ቁልፍ በእጄ አኑሮ አያውቅም፤ አልፈረድኩበትምም።

ስለዚህ ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ የሕመምና የለቅሶ ሰበብ አይፍጠሩ። የዓመት ፈቃድዎን ይጠቀሙ፤ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፣ አገልግሎት ሲጨምርም ቀኑ ይጨምራል። ማመልከቻው ላይ «ለግል ጉዳይ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፣ እውነትም ነው። ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ ቀኑን ስለሚወስድ «ለሻይ ልውጣ» ብሎ የሚሸፈን አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ ያለ ቃለ መጠይቅ ከሆነ ግን ቀጣሪውን ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም በምሳ ሰዓት እንዲሆን ቢጠይቁት የማይተባበር ጥቂት ነው። በዚያው «አሁን ያለሁበት ድርጅት ገና ስላላወቀ ሳልነግራችሁ እንዳትደውሉለት» ማለት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ነገ ለእነርሱም እንዲሁ እንደሚጠነቀቁ ያሳያል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤውን ሲጠይቁ «ለምን ፈለግከው?» ይባላል፤ ያን ጊዜ ለባንክ ብድር ነው፣ ለትምህርት ነው የሚል ፈጠራ ይመጣል። ሠራተኛ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያለ ክፍያ ማግኘት በአዋጁ የተቀመጠ መብቱ ነው። ደመወዝ ወይም የሥራ መደብ በተለወጠ ቁጥር ደብዳቤውን የመውሰድ ልማድ ቢኖርዎ፣ በሚያስፈልግ ጊዜ ምክንያት መፈለግ አይኖርብዎትም።

በድርጅቱ ኮምፒዩተር ሲቪ አይጻፍ፣ በወረቀቱም አይታተም። ከዚህ የሚከብደው የደንበኛ ጉዳይ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች እንግዳ በሚልክ አስጎብኚ ቤት የሚሠራ ሰው የእንግዶቹን ስም፣ ስልክና የሚከፍሉትን ዋጋ ቀድቶ ለአዲሱ ቀጣሪ ስጦታ አድርጎ ቢወስድ፣ ያ ሥራ መቀየር ሳይሆን የሰው ንብረት መውሰድ ነው። በጭንቅላትዎ ያለው ሙያ የእርስዎ ነው፤ መዝገቡ ግን የድርጅቱ ነው።

አለቃዎ ፊት ለፊት ቢጠይቅዎስ? «ኧረ በፍጹም!» ብሎ መማል ይቀናል፤ አይማሉ። ሁሉን መዘርዘርም ግዴታ የለብዎትም። «ጋሼ፣ የተሻለ ነገር ቢገኝ ማሰቤ አይቀርም፤ እስካሁን የጨበጥኩት ነገር የለም። ስወስን ከማንም በፊት የምነግረው ለእርስዎ ነው» ማለት ይቻላል። ይህን ካሉ በኋላ ግን ቃሉን መጠበቅ ግድ ነው።

ሳይጠየቁም መናገር የሚገባበት ጊዜ አለ። አሠሪው በእርስዎ ተማምኖ ወጪ ሊያወጣ ወይም ግዴታ ሊገባ ሲል ዝምታ ንጽሕናውን ያጣል። ለምሳሌ ሥልጠና ልኮዎት በምላሹ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ የሚል ውል ሊያስፈርምዎ ከሆነ፣ ልብዎ ሌላ ቦታ እያለ አይፈርሙ፤ «ዕድሉን ለሌላ ሰው ስጡት» ይበሉ። በሆቴል የሚሠራ ደግሞ ጥምቀትን ያስብ። ጥር 11 ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ በዋዜማው ቢጠፋ የሚጎዳው ባለሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ አብረውት የሚያድሩት ባልደረቦቹም ናቸው። ከተቻለ ለአዲሱ ቀጣሪ ከበዓሉ በኋላ እጀምራለሁ ማለት፣ ካልተቻለም ማስጠንቀቂያውን ከኅዳር ጀምሮ ማሰብ ይገባል።

አዲሱ ውል ተፈርሞ እጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አያስገቡ። ከገባ በኋላ ግን አይዘግዩ፤ ከባልደረባ አስቀድመው ለአለቃዎ በአካል ይንገሩ፣ ቀጥሎ የመልቀቂያ ቀኑን የያዘ ደብዳቤ አስገብተው ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ይያዙ። ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። በእነዚያ 30 ቀናት የሥራ መግቢያ ሰዓትዎን እንደ ቀድሞው ያክብሩ፤ ርክክቡን ለመጨረሻው ቀን ሳያሳድሩ ቁልፉን፣ ፋይሉንና ያላለቀውን ሥራ በዝርዝር ጽፈው ከተረካቢው ጋር አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይፈራረሙ። ያልተወራረደ ሒሳብ ካለም ማን ጋር፣ ስንት ብር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ ይስፈር።