ብርድ የማይበላው የኮንክሪት ፓቲዮ እንዴት ይሰራል? (ሚኒሶታና መሰል ቦታ ላላችሁ)

አዲስ አበባ ላይ አርማታ ስታስሞሉ የምትጠብቁት ሲሚንቶውን ነው፣ እንዳይቀነስባችሁ ከሰራተኛው ራስ ላይ አትጠፉም። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ ግን ሲሚንቶውን ፋብሪካው መዝኖ ነው የሚልክላችሁ፣ እዚህ ቆማችሁ የምትጠብቁት ውሃውን ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 ከመቶ ይሰፋል፣ ኮንክሪት ደግሞ ለዓይን አይታይም እንጂ ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ የጠጣው ውሃ ሲረጋ ከውስጥ ወጥሮ ይፈነቅለዋል። የሚገርመው ደግሞ ከጃንዋሪ ቅዝቃዜ ይልቅ ማርች ላይ ቀን እየቀለጠ ማታ እየረጋ የሚመላለሰው ነው የሚጨርሰው። ሰፈራችሁ ውስጥ ላዩ ተልጦ ጠጠሩ ያፈጠጠ ፓቲዮ (ከቤት ውጪ የሚቀመጡበት ወለል) ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይሄው ነው። ስለዚ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ "ውሃው የት ይሄዳል" እያላችሁ አንብቡት።

ወቅቱና ከመቆፈር በፊት ያለው ነገር

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ስሩት። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ዋጋ ቀንሼ ልስራላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ አመስግናችሁ ሸኙት፣ አዲስ ኮንክሪት ውርጭና ጨው ከማየቱ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ጠንክሮ፣ ደግሞም ትንሽ ደረቅ ብሎ መቆየት አለበት። ከመቆፈራችሁ ቢያንስ 2 የስራ ቀን ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ፣ ነጻ ነው፣ የጋዝና የመብራት መስመሩን መጥተው በቀለም ያሰምሩላችኋል። ግን የራሳችሁን መስመር፣ ማለትም ወደ ጋራዥ የተሳበ መብራት ወይም የስፕሪንክለር ቱቦ አያሰምሩም፣ እሱን ራሳችሁ አስታውሱ። ከተማችሁም ጋ ደውላችሁ ፐርሚት ያስፈልግ እንደሆነና ከአጥር ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ፣ እንደየከተማው ይለያያል።

ቁፋሮ

ለምሳሌ 12 በ16 ፊት የሆነ ፓቲዮ እንስራ፣ ማዕድ ዘርግታችሁ ቤተሰብ ሰብስባችሁ ቡና ለማፍላት ይበቃል። መጀመሪያ ሳሩንና ጥቁሩን አፈር በሙሉ አንሱ፣ ሥርና ብስባሽ ያለበት አፈር ላይ ምንም ብትሰሩ ይሰምጣል። ጥልቀቱ 6 ኢንች ለጠጠር 4 ኢንች ለኮንክሪት ብላችሁ አስቡና ኮንክሪቱ ከሳሩ 1 ኢንች ገደማ ከፍ እንዲል 9 ኢንች ቆፍሩ። አፈራችሁ ጭቃ የሚይዝ ሸክላ ከሆነ ጠጠሩን 8 ኢንች አድርጉት። ቤቱ አዲስ ከሆነ ደግሞ ከፋውንዴሽኑ ጎን ያለው አፈር በቅርቡ የተሞላ ስለሆነ ገና አልተቀመጠም፣ እሱን ሳትጠቀጥቁ ኮንክሪት ብታስሞሉ ፓቲዮው በጥቂት አመት ውስጥ ወደ ቤቱ ያዘነብላል፣ ከዛ የዝናቡ ውሃ ቀጥታ ቤዝመንት ነው።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፣ ሚኒያፖሊስ አካባቢ የፋውንዴሽን መሰረት በህጉ 42 ኢንች ነው የሚወርደው፣ ሰሜኑ ደግሞ 60፣ ታዲያ ፓቲዮውንም እንደዛ ልንቆፍር ነው? አይደለም። ፓቲዮ ከቤቱ ጋር ሳይያያዝ ጠጠሩ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፣ መሬቱ ትንሽ ሲነሳ አብሮ ይነሳል ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ችግር የሚመጣው አንዱ ጫፍ ታስሮ ሌላው ሲነሳ ነው። ላዩ ላይ ጣራ ወይም ፔርጎላ ልታቆሙ ካሰባችሁ ግን የቋሚዎቹ መሰረት ለብቻው 42ቱን (ዱሉዝ አካባቢ ከሆናችሁ 60ውን) ኢንች መውረድ አለበት፣ ፓቲዮው ላይ እንዳትተክሉት።

ጠጠሩና መጠቅጠቁ

መሬት በብርድ የሚያብጠው ብርዱ፣ ውሃ የሚስበው ደቃቅ አፈርና ውሃው አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ብርዱን አናዝዘውም፣ ስለዚ አፈሩን በጠጠር እንተካለን ውሃውን እናርቃለን። ሚኒሶታ ላይ "ክላስ 5" ብላችሁ ብታዙ ሁሉም ያውቀዋል፣ አገር ቤት ሰሌክት እንደምንለው አይነት ሆኖ የተፈጨ ድንጋይ ያለበት ነው። በ3 ኢንች በ3 ኢንች እያፈሰሳችሁ ትንሽ ውሃ ረጭታችሁ በተከራያችሁት ኮምፓክተር ጠቅጥቁ፣ 6ቱን ኢንች አንዴ አፍስሶ ከላይ መጠቅጠቅ ላዩን ብቻ ነው የሚያጠብቀው። የጣራው አሸንዳ ውሃ ወደ ፓቲዮው ጥግ የሚወርድ ከሆነም አሁኑኑ ቱቦ ቀጥላችሁ አርቁት።

ፎርሙና ፌሮው

ቱ ባይ ፎር የሚባለው ጣውላ ስሙ ነው እንጂ 4 ኢንች አይደለም፣ 3 ኢንች ተኩል ነው። እሱን አቁማችሁ እስከ አፉ ብትሞሉ ግማሽ ኢንች ጎደላችሁ ማለት ነው፣ ወይ ጠጠሩን ግማሽ ኢንች ዝቅ አድርጉት ወይ ቱ ባይ ሲክስ ተጠቀሙ። በየ2 እና 3 ፊቱ ካስማ ምቱበት፣ እርጥብ ኮንክሪት ሲገፋ ጣውላው ወደ ውጪ ይጎብጣል።

ተዳፋቱ በየ1 ፊቱ ሩብ ኢንች ነው፣ ከቤቱ እየራቀ። የእኛ ፓቲዮ ከቤቱ ወደ ውጪ 12 ፊት ስለሚወጣ ዳር ላይ ሲደርስ 3 ኢንች ዝቅ ይላል። ብዙ ነው ብላችሁ አትቀንሱት፣ ወንበር ስታስቀምጡበት አይታወቅም፣ የቆመ ውሃ ግን ኖቬምበር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮንክሪቱ ቤቱን በሚነካበት በኩል በሙሉ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ለዚሁ የሚሸጥ የፋይበር መለያ (ኤክስፓንሽን ጆይንት) አቁሙ፣ ደረጃ ካለም እንደዚሁ፣ ፋውንዴሽኑን በስታችሁ ፌሮ እንዳትሰኩበት።

ፌሮው የ3/8 ኢንች (አገር ቤት 10 የምንለው ጋ የሚቀርብ) ሆኖ በየ18 ኢንቹ መረብ ተደርጎ ይታሰርና በፕላስቲክ እግር ላይ 2 ኢንች ከፍ ይላል። መሬት ላይ የተኛ ፌሮ እንደሌለ ቁጠሩት። ፌሮ ስንጥቅ አያስቀርም፣ የተሰነጠቀውን አያይዞ ይይዛል።

ኮንክሪቱን ማዘዝ

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 12 በ16 በ4 ኢንች ማለት 64 ኪዩቢክ ፊት ነው፣ ለ27 ሲካፈል 2.37 ያርድ፣ ለብክነት ወደ 10 ከመቶ ጨምራችሁ 2.75 ያርድ እዘዙ። በከረጢት እሰራዋለሁ ለምትሉ፣ ባለ 80 ፓውንዱ ከረጢት 0.6 ኪዩቢክ ፊት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ 107 ከረጢት በእጅ ልታቦኩ ነው፣ ያውም ብዙዎቹ አሁን የምነግራችሁ አየር የላቸውም። ለትንሽ መጠን ተጨማሪ ቢያስከፍሏችሁም በመኪና ይምጣላችሁ።

ስልክ ላይ እንዲህ በሉ፦ 4,500 ፒኤስአይ (የጥንካሬው መለኪያ)፣ ኤር ኢንትሬይንድ 6 ከመቶ (ውስጡ የሚገባው አየር)፣ የ3/4 ኢንች ጠጠር፣ ስላምፕ (የቅጥነቱ መለኪያ) 4 ኢንች፣ የውሃና ሲሚንቶ ሬሾ ከ0.45 ያልበለጠ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል አየሩን ነው የምይዘው። ፋብሪካው በሚጨምረው ኬሚካል ኮንክሪቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ በጣም ብዙ የአየር አረፋዎች ይፈጠራሉ፣ ውሃው ሲረጋና ሲሰፋ ወደነሱ ስለሚገፋ ኮንክሪቱን አይወጥረውም። አየር የሌለው 5,000 ፒኤስአይ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ከሚኒሶታ ዊንተር አይተርፍም።

መኪናው ሲደርስ ሾፌሩ ውሃ ልጨምርላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ሲቀጥን ይፈሳል ለሁሉም ስራ ይቀላል። አይጨመር። በአንድ ያርድ ላይ 1 ጋሎን ብትጨምሩ ወደ 200 ፒኤስአይ ጥንካሬ ትቀንሳላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተረፈው ውሃ ደርቆ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ነው የሚወጣው፣ ቀዳዳው ደግሞ ዊንተር ላይ ውሃ የሚገባበት ነው። ጋሪ የሚገፋ ሁለት ሰው ጨምራችሁ ወፍራሙን ስሩ።

ማፍሰስና ማለስለስ

ጠጠሩን ቀድማችሁ ረጥብ አድርጉት፣ ውሃ ግን አይቆምበት። ከሩቁ ጥግ ጀምራችሁ አፍስሱ፣ በአካፋ ጎተት እያደረጋችሁ ጥጎቹን ሙሉ፣ ከዛ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ስታጋ በፎርሙ ላይ እየጎተታችሁ አስተካክሉ፣ ወዲያው በቡል ፍሎት (ረጅም እጀታ ያለው ሰፊ ማለስለሻ) አንዴ ሂዱበት። ከዛ ቁሙ። በቃ ምንም አትንኩ።

ከደቂቃዎች በኋላ ላዩ ላይ ውሃ ብቅ ይላል፣ ይሄ ከውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው፣ ብዙ ፓቲዮ የሚበላሸውም በዚች ሰዓት ነው። አገር ቤት ሊሾ ሲሰራ ያያችሁ ሰዎች እጃችሁ ይበላችኋል፦ ደረቅ ሲሚንቶ በተን አድርጎ ውሃውን ማስጠጣት፣ በብረት እያሹ ማብረቅረቅ፣ ሲጠነክር ውሃ ረጨት አድርጎ ማለስለስ። ሳሎን ውስጥ ያምራል፣ ውርጭ የሚመታው ኮንክሪት ላይ ግን ሦስቱም መርዝ ናቸው። የወጣውን ውሃ መልሳችሁ ካሻችሁት ላይኛው ቆዳ ቀጭን ሊጥ ይሆናል፣ በብረት ስታሹት ደግሞ የከፈላችሁበትን አየር ከላይ ታስወጣላችሁ ከስር የቀረውን ውሃ ትደፍኑበታላችሁ፣ በሁለተኛው ዊንተር እንደ ቅርፊት ይነሳል። ስለዚ ውሃው በራሱ ጠፍቶ ላዩ ድብዝዝ እስኪል ጠብቁ፣ እግራችሁን ስታስቀምጡ ሩብ ኢንች ገደማ ሲሰረጉድ ደርሷል። ያኔ በማግኒዢየም ወይም በእንጨት ፍሎት አንዴ አስተካክሉ፣ ዳር ዳሩን አክብቡ፣ በመጨረሻ ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ መጥረጊያ ጎትታችሁ ሸካራ አድርጉት። አያብረቀርቅም፣ ግን በረዶ ቀን አያቶች አይንሸራተቱበትም።

መገጣጠሚያው

ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር መሰንጠቁ አይቀርም፣ የት እንደሚሰነጠቅ ግን እናንተ መምረጥ ትችላላችሁ። 4 ኢንች ውፍረት ላይ 1 ኢንች የሚጠልቅ መስመር ቁረጡ፣ ከ10 ፊት ሳይራራቅ። የእኛን አንዴ በቁመት አንዴ በወርድ ስትቆርጡት 6 በ8 የሆኑ አራት ክፍሎች ይወጣሉ፣ ጥሩ ነው፣ ክፍሉ ወደ ካሬ ሲቀርብ ይሻላል። በመጋዝ ከሆነ በዛው ቀን ማታ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት በማለዳ፣ ከዛ በኋላ እሱ ራሱ መርጦ ይሰነጠቃል።

ከዛ በኋላ

ውሃ ማጠጣቱን ታውቁታላችሁ፣ 7 ቀን እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ አልብሱት፣ ወይም ያን ነጩን ኪዩሪንግ ኮምፓውንድ መጥረጊያው እንዳለቀ ርጩበት። የሙቀቱ መጠን ከ40 ፋራናይት በታች ሊወርድ ነው ከተባለ የኮንክሪት ብርድ ልብስ አዘጋጁ፣ በመጀመሪያው ቀን ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ የሆነበት ኮንክሪት እስከ ግማሽ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል፣ በኋላ ደግሞ አይመለስም። ቶሎ እንዲጠነክር ካልሲየም ክሎራይድ እንጨምር ቢሏችሁ ፌሮ አለው በሉ፣ ፌሮ ያዝጋል፣ ክሎራይድ የሌለበት ማጠንከሪያ አለ።

28 ቀን ሲሞላውና ሲደርቅ ሲሌን ወይም ሲሎክሴን የሚባለውን ወደ ውስጥ የሚሰርግ ሲለር (ውሃ መከላከያ ቅብ) ቀቡት። የሚያብረቀርቀውን ቀለም መሰሉን አልወደውም፣ ያንሸራትታል ከስር ያለውን እርጥበትም ያፍናል። በየጥቂት አመቱ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ ጠብታው ካልቆመና ከጠጣው ድገሙት።

የመጀመሪያው ዊንተር ላይ ምንም አይነት ጨው አይንካው፣ በረዶውን በፕላስቲክ አካፋ ጥረጉና አሸዋ በትኑ። ከዛ በኋላም ቢሆን አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ያለበትን ማቅለጫ በጭራሽ፣ ኮንክሪቱን በኬሚካል ነው የሚበላው፣ የሳር ማዳበሪያም ሲፈስበት ጥረጉት። ቡና ስታፈሉ የከሰል ምድጃውን ቀጥታ ኮንክሪቱ ላይ አታስቀምጡ፣ እርጥበት ያለው ኮንክሪት በአንዴ ሲግል ይፈነጠራል፣ ከስሩ ትሪ ወይም ጡብ አድርጉ። ኤፕሪል ላይ በረዶው ሲሄድ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ዞራችሁ እዩት፣ ከፋይበሩ ላይ የተሞላው ማሸጊያ ከተላቀቀ ፍቃችሁ አውጡና በፖሊዩሪቴን ድጋሚ ሙሉት፣ ደረቅ ቀን መርጣችሁ።