የመኪና የመረጃ መረብ ሽቦን ብልሽት መለየት

ጎንደር ላይ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ የዳሽቦርድ መብራቶቹ በአንድ ላይ በርተው የምርመራ መሣሪያው ግን ከኮምፒውተሮቹ ጋር አልገናኝ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ፣ ውድ ኮምፒውተር ከመቀየሩ በፊት የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ካን የሚባለው የመረጃ መስመር ሁለት ሽቦዎች ሊለኩ ይገባል።

ቁልፉን ያጥፉ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያም መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው በምርመራ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒኖች መካከል ይለኩ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ስላሉ ጤነኛ መስመር 60 ኦም ገደማ ያሳያል፤ 120 ካነበቡ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፣ ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሶኬቱ በጌትዌይ (በሶኬቱና በመረጃ መስመሩ መካከል መልእክት በሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) በኩል በሚያልፍባቸው መኪኖች ግን ይህ ልኬት አያስተማምንም፤ ከሞተሩ ኮምፒውተር አጠገብ ይለኩ።

ሽቦዎቹ ከተነካኩ፣ ዓይንዎን ከመልቲሜትሩ ሳይነቅሉ የኮምፒውተሮቹን ሶኬቶች አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ንባቡ ድንገት ከዜሮ የተነሣበት ክፍል ተጠርጣሪው ነው። የተነቀለውን ሶኬት ሁሉ ውስጡን በባትሪ መብራት ይዩት፤ ውኃ የገባበት ፒን አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይገኛል። ሁሉም ተነቅለው ንባቡ ካልተነሣ፣ ጥፋቱ ሽቦው ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ይፈለግ።

የተበጠሰውን ሲቀጥሉ ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ቀድሞው እርስ በርስ ጠምዝዘው ይመልሱ፤ ጥምዝማዜው የሞተሩን የኤሌክትሪክ ረብሻ ይከላከላል።