የሚያንጠባጥበው የውሃ ጆግ እንዴት ተስተካከለ

ለዲዛይን ኮርስ ፕሮጀክት የመረጥነው ተራ የውሃ ጆግ ነው። ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቀድታችሁ ቀና ስታደርጉት ውሃው በአፉ ስር ተንሸራትቶ ጠረጴዛውን ያረጥባል። በዝግታ ሲቀዳ ደግሞ ይብሳል። ፍሰቱ ሲደክም ውሃው ከጠርዙ ለመላቀቅ ጉልበት ስለሚያጣ፣ ጠርዙን ተከትሎ ወደ ውጭ ይዞራል።

በስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ በስሱ እየደረበ ዕቃ በሚሠራ ማሽን) ያተምነው ናሙና ላይ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። ፕሪንተሩ የሚተዋቸው ስስ መስመሮች ውሃውን ይዘው በጎን ይመሩታል።

መፍትሔው ጠርዙ ላይ ነበር። አሳሳነውና ጫፉን ወደ ታች አጠፍነው። ሹል ጠርዝ ውሃውን ይቆርጠዋል፤ ለመዞር መንገድ አያገኝም። ከዚያ የአፉን ስር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው 400 ቁጥር፣ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከርን። ጫፉን ግን አትንኩት፤ ከደነዘዘ ልፋታችሁ ገደል ገባ። በመጨረሻ የአፉን ስር በሻማ አሸነው። ሰም ውሃ አያስጠጋም፣ ግን ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም።

ለውጡን ለማየት ውሃውን ቀለም ቀላቅሉበትና ከስር ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ጠብታው ራሱ ይናገራል። ናሙናው ፒኤልኤ ከሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ ከሆነ ፍል ውሃ አትጨምሩበት፤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል።