«ዝንጀሮ ነበርኩ ልትል ነው?» ስለ ዝግመተ ለውጥ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ጭኔ ላይ የተማሪዎች የባዮሎጂ ፈተና ዘርግቼ አርማለሁ። መኪናው ሐረጎ ዳገት ላይ ማቃሰት ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወረቀቱን አዩት። «ዝግመተ ለውጥ» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንተም እንግዲህ ዝንጀሮ ነበርኩ ልትል ነው?» አሉኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፣ ረዳቱ ሳይቀር።

«አይ፣ አባባ» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልሄድ መናኸሪያ ደረስን። እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ለዓመታት ሳስተምር እንዳየሁት በዚህ ርዕስ የምንሳሳተው ነገሩ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ነገሩን የምንጠራባቸው የአማርኛ ቃላት ናቸው መንገድ የሚያስቱን። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሰው የመጣው ከዝንጀሮ ነው»

ይህን ዳርዊን አላለም። ዛሬ ያለ ባዮሎጂስትም አይልም። የሚባለው ሰውና ቺምፓንዚ አንድ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። መንገዳቸው የተለያየው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያ ቅድመ አያት ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረም።

እኔና የአጎቴ ልጅ አንድ አያት አለን። ከአጎቴ ልጅ ግን አልተወለድኩም። «ታዲያ ዝንጀሮ ዛሬም ለምን አለ?» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። እኔ ስለኖርኩ የአጎቴ ልጅ መጥፋት የለበትም።

ጥፋቱ ግማሹ የቋንቋችን ነው። አማርኛ ጦጣ አለው፣ ዝንጀሮ አለው፣ ጉሬዛ አለው፣ ጭላዳ አለው። ሁሉም ጅራት አላቸው፣ ሁሉም አገራችን ውስጥ ይኖራሉ። ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን በእኛ አገር ዱር የሉም፤ ስለዚህ አባቶቻችን ስም አላወጡላቸውም። ጅራት የሌላቸውን እነዚህን እንስሳት የሚጠራ ቃል ሲጠፋ ተርጓሚውም መምህሩም እጁ ላይ ያለውን አንስቶ «ዝንጀሮ» ይላል። ተማሪው ደግሞ የወሎ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ያየው ጭላዳ ይታየዋል። ጭላዳ ዘመዳችን መሆኑስ አይካድም። ግን የሩቅ ነው፤ የእሱና የእኛ መስመር ከተለያየ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል።

«ቲዎሪ ብቻ ነው እኮ»

አንድ ነገር በወሬ ሲቀር «ተወው፣ ቲዎሪ ነው» እንላለን። በሳይንስ ግን ቲዎሪ ማለት ብዙ ማስረጃዎችን በአንድ ላይ የሚያስረዳ፣ ተደጋግሞ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው። በሽታ ከጀርም ይመጣል የሚለውም ቲዎሪ ነው። እሱን ሰምተን ግን እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን።

«ሰውነት ከለመደ ተለወጠ ማለት ነው»

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ጉዞ ጆሯችን ድፍን የሚለው ለዚህ ነው። ከቆላ የመጣ ልጅ ደሴ ላይ ኳስ ሲጫወት የመጀመሪያ ሰሞን ያለከልካል። ትንሽ ቆይቶ ይሻለዋል። ተማሪዎቼ ይህን ምሳሌ ይወዱታል፤ ፈተና ላይ «ዝግመተ ለውጥ» ብለው ይጽፉታል። እኔም ኤክስ አደርግበታለሁ።

ሰውነቱ ለመደ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ቆላ ሲመለስ ልምዱ ይጠፋል። ሲወልድም ለልጁ አያወርሰውም። ዝግመተ ለውጥ በአንድ ሰው አካል ላይ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚካሄድ ነገር አይደለም። ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ በብዙዎች መካከል ነው የሚሆነው።

የከፍታውን ነገር በትክክል ማየት የሚፈልግ ከደሴም በላይ ይውጣ። በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ደማቸው ተመርምሯል። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከፍታ በሌለው ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ኦክስጅንም አይጎድላቸውም። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ቲቤቶች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር፣ ኦክስጅናቸውም ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። አንድ ችግር፣ ሦስት መንገድ። ይህ የአንድ ወቅት ልምድ አይደለም፤ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ የሚሳሳት የእኛ ተማሪ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ላማርክ ቀጭኔ አንገቷን እያንጠራራች አስረዘመችው፣ ለልጆቿም አወረሰች ብሎ የጻፈው በ1809 ነው። ዳርዊን የተወለደውም በዚያው ዓመት ነው።

«ወባው መድኃኒቱን ለመደው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የራሴም ስለሆነ። ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ ላይ ወባ ይዞኝ ያውቃል። ክሎሮኪን በሙዝ ጠቅልለው አዋጡኝ። ሙዙ ቀድሞ ወረደና ምሬቱ ምላሴ ላይ ቀረ። ሌሊቱን መዳፌንና የእግሬን ሥር ስፎክት አደርኩ፤ ክሎሮኪን የዋጠ ያውቃታል ያቺን ማሳከክ። ግን ዳንኩ።

ከዚያ መድኃኒቱ ማዳን አቃተው። በ1998 አገሪቱ ፋልሲፓረም ለሚባለው ከባድ የወባ ዓይነት ክሎሮኪንን ትታ ፋንሲዳር ያዘች። በ2004 ደግሞ ፋንሲዳርም ቀርቶ ኮአርተም መጣ። ሰዉ ምን አለ? «ወባው መድኃኒቱን ለመደው።» ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ነው የሚለው።

«መልመድ» የሚለው ቃል አንዲት ተሕዋስ መድኃኒቱን ቀምሳ፣ ተቸግራ፣ ቀስ በቀስ እንደቻለችው ያስመስላል። እኛ ሚጥሚጣ እንደምንለምደው ማለት ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በበሽተኞች ደም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ተሕዋስያን አሉ። ሲባዙ ዘረ መላቸው ላይ ስህተት ይፈጠራል፤ ሚውቴሽን የምንለው። አብዛኛው ስህተት ለምንም አይጠቅምም። አንዳንዱ ግን በአጋጣሚ ክሎሮኪኑ የሚሠራበት ቦታ ላይ እንዳይጠራቀም ያደርጋል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌሎቹ አለቁ። ያ ስህተት የነበራቸው ተረፉ፣ ተባዙ፣ ትንኝ ይዛቸው ወደ ሌላ ሰው ሄደች። ማንም ምንም አልለመደም። የሚሞተው ሞተ፣ የቀረው ዘሩን አበዛ። የተፈጥሮ ምርጫ ይኸው ነው።

«ምርጫ ካለ መራጭ አለ»

«ምርጫ» ሲባል ለእኛ ኮሮጆና ካርድ ነው የሚታየን። መራጭ ይኖራል፣ ሐሳብ ይኖራል፣ ግብ ይኖራል። ወባው ላይ ግን መራጭ አልነበረም።

ዳርዊን ቃሉን የወሰደው ከእውነተኛ መራጮች ነው። «የዝርያዎች አመጣጥ» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፉን የጀመረው በሰው እጅ ስለሚራቡ እንስሳትና ዕፅዋት በማውራት ነው፤ ራሱም ርግብ ያረባ ነበር። እናቴ ደግሞ ማሽላ ሲታጨድ ዓይኗ የገባውን ትልቁን ራስ ለይታ ጓዳ ጭስ ላይ ትሰቅለዋለች። ለከርሞ ዘር ነው፤ እጁን የሚያስረዝምበት ወየውለት። እሷ መርጣለች። ዳርዊን ያለው የእናቴን ሥራ ድርቅ፣ በሽታና ወፍም ይሠሩታል ነው፤ ሳያስቡ፣ ሳያውቁ።

ቃሉ እንግሊዞቹንም አሳስቷል። አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1866 ለዳርዊን ደብዳቤ ጽፎ ሰዎች መራጭ እየፈለጉ ነው፣ ቃሉን ቀይረው ብሎት ነበር። በምትኩ ያቀረበለት ፈላስፋው ኸርበርት ስፔንሰር በ1864 የፈጠረውን «ሰርቫይቫል ኦፍ ዘ ፊተስት» የሚል ሐረግ ነው። ዳርዊንም በ1869ኙ አምስተኛ እትም አስገባው። ሌላ ጣጣ መጣ።

«ጠንካራው ያሸንፋል»

የስፔንሰር ሐረግ ወደ እኛ ሲደርስ «ጉልበተኛው ይኖራል» ሆነ። ለጉልበተኛ የሚመች አባባል ነው። ሐረጉ የሚለው ግን ጉልበተኛ ሳይሆን የሚመጥን፣ ለቦታው የሚገጥም ነው።

ከቆላ ማሽላ ሳንወጣ፦ ቀይና መራራ ማሽላ አለ፤ ለእንጀራ ብዙ አይወደድም። ወፍም አትወደውም። ወፍ በበዛበት ማሳ ጣፋጩ ነጭ ማሽላ እየተለቀመ ቀዩ ይቆያል። ወፍ በሌለበት ግን ምሬቱ ምንም አይፈይድለትም። ቀዩ በምንም መለኪያ «ጠንካራ» አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ገጠመ፣ በቃ።

«ዝግመተ ነው፣ ስለዚህ አይታይም»

ስሙ ራሱ ቀርፋፋ ነው፤ ዝግመት ማለት ዝግታ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የወባው ታሪክ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አለቀ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች በአንዷ፣ ዳፍኒ ሜጀር በምትባለው፣ በ1977 ድርቅ ገባ። ትንንሹ ፍሬ ተለቅሞ ሲያልቅ ትልቁና ጠንካራው ቀረ። እሱን መፈልቀቅ የቻሉት ትልቅ ምንቃር ያላቸው ፊንች የሚባሉ ወፎች ናቸው። ከድርቁ በኋላ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ሲያድጉ ምንቃራቸው በአማካይ ከቀድሞዎቹ ተለቅ ያለ ሆነ። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ወፎቹን አንድ በአንድ ለክተው ነው ያወቁት።

«ዳርዊን ጋላፓጎስ ላይ ወፎቹን አይቶ ወዲያው ገባው»

አልገባውም። ቢግል በተባለችው መርከብ በ1831 ተነሥቶ ጋላፓጎስ የደረሰው በ1835 ነው። አምስት ሳምንት ያህል ቆየ። ፊንቾቹን የትኛው ከየት ደሴት እንደተያዘ በቅጡ አልጻፈባቸውም። የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን የነገረው ጆን ጉልድ የተባለ የወፍ ባለሙያ ነው፤ በ1837፣ ለንደን ውስጥ። ወሳኙ ሐሳብ የመጣለት ደግሞ በ1838 ማልተስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈውን ሲያነብ ነው፤ የሚወለደው ከሚበላው ይበልጣል የሚለውን። ከዚያ 20 ዓመት ያህል ይዞት ተቀመጠ።

ብቻውንም አልነበረም። በ1858 መጀመሪያ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር ያ ከላይ ያነሣሁት ዋላስ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። አንዴ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዴ ያቃጥለዋል። የኮምቦልቻ ሰው ሲሰማው ያውቀዋል ይህን በሽታ። እሱም ማልተስን አስታወሰ፣ እሱም ያንኑ ሐሳብ አገኘ። ጽፎ የላከው ለማን ነው? ለዳርዊን! ዳርዊን ደብዳቤውን በሰኔ ሲከፍት ምን እንደተሰማው አስቡት። ሐምሌ 1 ቀን 1858 የሁለቱም ጽሑፍ ለንደን ሊኒያን በተባለው የሳይንስ ማኅበር ውስጥ ተነበበ። ሁለቱም አልነበሩም። ዋላስ ያለው ሩቅ ምሥራቅ ነው፣ ዳርዊን ደግሞ ከቀናት በፊት ሕፃን ልጁ ሞቶበት ሐዘን ላይ ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በኋላ የዓመቱን ሥራ ሲገመግሙ ይህ ነው የሚባል ግኝት አልነበረም አሉ። መጽሐፉ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ነው፤ በ1,250 ቅጂ።

«ዳርዊን ሊሞት ሲል ተጸጽቶ ሐሳቡን ካደው» የሚሉም አሉ። ወሬው በጽሑፍ የወጣው በ1915 ነው፤ ሰውየው የሞተው በ1882። ልጁ ሄንሪየታ ውሸት ነው ብላ ጽፋለች። እምነቱን በራሱ መንገድ መከራከር የሚፈልግ ይከራከር፤ በዚህ ወሬ ግን ባይሆን።

«ድንቅነሽ መሰላሉ ላይ ያለች አንዷ ደረጃ ናት»

ያን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጎበጠው ጀምሮ ቀጥ ብሎ እስከሚሄደው ሰው በሰልፍ የተደረደሩት። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ዝግመተ ለውጥ ሰልፍ አይደለም። ቅርንጫፉ የበዛ ዋርካ ነው። አብዛኛው ቅርንጫፍ ደርቆ ቀርቷል።

ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ፣ አንጎሏ ከቺምፓንዚ ብዙ ያልበለጠ። ግን በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። ማለትም መጀመሪያ የመጣው መቆሙ ነው፤ ትልቁ አንጎል ብዙ ቆይቶ ነው። ቀጥተኛ አያታችን ትሁን የአያታችን እህት፣ ከአጥንቱ ብቻ መለየት አይቻልም። የተገኘችው ኅዳር 24 ቀን 1974 ሐዳር ላይ ነው። የዳርዊን መጽሐፍም የወጣው ኅዳር 24 ነው፣ 115 ዓመት ቀድሞ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ እኔ ግን ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው አላልፍም።

ሽማግሌው መናኸሪያ ስንወርድ የጠየቁኝ ስለ እሷ ነበር። «ያቺ ድንቅነሽ የሚሏትስ፣ የት ነው ያገኟት?»

«እዚሁ አፋር ነው፣ አባባ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ።»

«በባቲ?» አሉ ከዘራቸውን ከመቀመጫው ሥር እየጎተቱ። «እኔ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርድ የለም እንዴ! ለካ ዘመድ ጥየቃ ኖሯል።»