«እግዜር ይቆጣሃል!»፦ ስለ ቁጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጅ ሆነን እንጀራ ከእጃችን ሲወድቅ፣ ወይም ሳናይ ቁራሽ ዳቦ ስንረግጥ የምንሰማት ቃል ነበረች፦ «እግዜር ይቆጣሃል!» ብዙዎቻችን ስለ እግዚአብሔር ጠባይ የተማርነው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። እናቶቻችን ክፉ አስበው አይደለም፤ እህል ክቡር መሆኑን ሊያስተምሩን ነው። ልጅ ግን የሚያውቀው ቁጣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አባት ደክሞት ሲገባ የሚገነፍለው፣ መምህር በአለንጋ የሚወጣው። ያንኑ አንሥቶ ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል። ካደገ በኋላ ደግሞ ከሰቀለበት አውርዶ ለራሱ ይጠቀምበታል፦ «እግዚአብሔርስ ይቆጣ የለ እንዴ!» ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ መስቀልና ማውረድ ውጤት ናቸው።

1. እግዚአብሔርን እንደ ግልፍተኛ ሰው ማሰብ

በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት 102 ላይ (በሌላው አቆጣጠር 103) «ርኁቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት» የሚል አለ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ከቍጣ የራቀ ምሕረቱም የበዛ» ይለዋል። ርኁቅ ማለት ሩቅ ማለት ነው። እኛ ቁጣችን አፍንጫችን ላይ ናት፤ እሱ ዘንድ ግን ሩቅ ናት። ሆሴዕ 11 ላይ ያለው ደግሞ ከዚህም ይልቅ ያስገርማል። እስራኤልን በገዛ እጁ እንዳሳደገው ልጅ ከተረከ በኋላ የቁጣዬን መቅሠፍት አላደርግም ይላል፤ ምክንያቱን ሲሰጥ፦ «እኔ አምላክ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁምና»። እኛ ብንጽፈው ኖሮ «አምላክ ነኝና እቀጣለሁ» እንል ነበር። ሆሴዕ ግን ቁጣውን እስከ መጨረሻ ሳያወርድ የማያርፈው ሰው ነው እያለን ነው።

ቁጣና ምሕረት በአንድ አምላክ እንዴት አብረው ይኖራሉ ከሚለው ጭንቅ ለማምለጥ አምላክን ለሁለት የከፈሉም አሉ። በሁለተኛው መቶ ዘመን ከጳንጦስ ወደ ሮም የመጣው መርቅዮን (የኬልቄዶንን ጉባኤ የጠራው ንጉሥ መርቅያን አይደለም) የብሉይ ኪዳኑ አምላክ ቁጡ፣ የኢየሱስ አባት ግን ሌላና ደግ ነው ብሎ አስተማረ። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ144 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለየችው። ትምህርቱ ግን ተለይቶ አልቀረም፤ ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «ያ የብሉይ ነው፣ አሁን ጸጋ ነው» ሲባል እንሰማለን። ሆሴዕ ብሉይ ኪዳን ውስጥ መሆኑን፣ «የእግዚአብሔር ቁጣ ይገለጣል» የሚለው ሮሜ 1 ደግሞ አዲስ ኪዳን መሆኑን የምንረሳው እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።

እዚያው ሮሜ 1 ላይ ቁጣው እንዴት እንደሚገለጥ ፈልጉ። መብረቅ የለም፣ እሳት የለም። ሦስት ጊዜ፣ በቁጥር 24፣ 26 እና 28፣ የተደጋገመው «አሳልፎ ሰጣቸው» የሚለው ነው። ለመረጡት ነገር ተዋቸው፤ በቃ። እኔ ሳነበው ትዝ የሚለኝ ድርሻውን ቆጥሮ ለጠፋው ልጅ አስረክቦ፣ ልጁ ሲሄድ የሚያይ አባት ነው (ሉቃ 15)።

2. መከራን ሁሉ «የእግዜር ቁጣ» ማለት

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ተባባሪ ነው። መዓት በግዕዝ ቁጣ ነው። አማርኛችን ወስዶ መቅሠፍት አደረገው፤ አልፎም «መዓት ሰው መጣ» እያልን ለብዛት እንጠቀምበታለን። ቁጣና መከራ በአንድ ቃል ከተጠቀለሉ፣ ዝናብ ሲቀር ማን ምን እንደበደለ መፈለግ ይመጣል። የ77ቱን ድርቅ «የእግዜር ቁጣ ነው» ያሉ ብዙ ነበሩ። የሞቱት ግን እህል ያጡት ናቸው፤ ጠግበው ያደሩት አይደሉም። ታዲያ ቁጣው በማን ላይ ነበር?

አንዴ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ልጇን የቀበረች እናት ፊት አንድ አዛውንት «ኃጢአታችን በዛ፣ ተቆጣን» አሉ። «ተቆጣን» ብለው ሁላችንንም ጨምረዋል። ሴትዮዋ ግን የሰማችው «ተቆጣሽ» የሚለውን ነው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች፤ ከዚያ በኋላ ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ኢየሱስ ይኸው ነገር ሁለት ጊዜ ቀርቦለታል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ራሱ መለሰ፦ አይደለም (ሉቃ 13)። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አለ (ዮሐ 9)። በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢይ ተልኮ «ይህ ቅጣት ነው» የተባለበት ጊዜ አለ፤ እውነት ነው። ነቢይ ሆነን ሳንላክ ግን በሰው ለቅሶ ላይ ባንናገረው ይሻላል።

3. ጅራፉን መጥቀስ

ሚስቱን የሰደበም፣ በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የደበደበም «ጌታም ቤተ መቅደስ ውስጥ ገርፏል» ይላል። እስቲ ታሪኩን ቀረብ ብለን እንየው። ጅራፍ የሚጠቅሰው ዮሐንስ ብቻ ነው፤ «የገመድም ጅራፍ አበጀ» ይላል። ገመድ ገምዶ ጅራፍ ማበጀት ጊዜ ይወስዳል፤ ጠረጴዛ መደብደብ ግን አይወስድም። በማርቆስ 11 ደግሞ ኢየሱስ ማታ ወደ መቅደስ ገብቶ ዙሪያውን ሁሉ ተመለከተ፤ ከዚያ ቢታንያ ሄዶ አደረ። ገበታ የገለበጠው በማግስቱ ነው። አይቶ፣ አድሮ፣ ተመልሶ መጣ። የርግብ ሻጮቹንም ልብ በሉ፦ በጎችና በሬዎች ቢነዱ ባለቤታቸው ተከትሎ ይሰበስባቸዋል፤ ርግብ ብትለቀቅ ግን አትመለስም። ስለዚህ ቅርጫቱን አልገለበጠም፤ «ይህን ከዚህ ውሰዱ» አላቸው።

ሲደበድቡት፣ ሲተፉበት፣ ሲሰቅሉት ግን እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም። ሌላው ሲበደል እንጂ ራሱ ሲበደል አልተቆጣም። ማርቆስ 3፥5 ላይ እጁ የሰለለውን ሰው ከመፈወሱ በፊት «በቍጣ አያቸው» ሲልም፣ እዚያው ላይ «አዝኖ» የሚል አለ። እኛ ስንቆጣ ሐዘን አብሮን ይገኛል? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ጊዜ የለም።

4. የራስን ብስጭት በእግዚአብሔር ስም መናገር

ይህን ለሰባክያን፣ ለወላጆችና ለአለቆች እተወዋለሁ። ዘኍልቍ 20 ላይ ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ሲያጉረመርም እግዚአብሔር ሙሴን ለዓለቱ ተናገር አለው፤ በዚያ ትእዛዝ ውስጥ አንድም የቁጣ ቃል የለም። የተቆጣው ሙሴ ነው። «እናንተ ዓመፀኞች» ብሎ ጮኸ፤ ዓለቱንም ሁለት ጊዜ መታው። ውኃውም ወጣ፤ ሕዝቡም ጠጣ። በውጤት ቢለካ የተሳካ አገልግሎት ነበር። ሙሴ ግን በዚሁ ምክንያት የተስፋይቱን ምድር ሳይገባ ቀረ።

5. «እኔ አልጮኽኩም» ማለት

ማኩረፍ የእኛ ልዩ ሙያ ነው። ድምፅ የለውም፣ ስድብ የለውም፣ ለንስሐ አባት ሲነገርም አፍ ላይ አይመጣም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሳምንት ሙሉ በልጅ በኩል «አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው» እየተባባሉ የሚኖሩ ባልና ሚስት አይታችኋል። ቃየን ላይ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጩኸት አልነበረም፤ «ለምን ተናደድህ? ለምንስ ፊትህ ጠቈረ?» የሚል ነው። ፊቱ ነው ያስጠረጠረው። ዘሌዋውያን 19 «ወንድምህን በልብህ አትጥላው» ካለ በኋላ ፊት ለፊት ገሥጸው ይላል፤ ማለት፣ ተናገር ነው የሚለው።

«በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌ 4፥26) የሚለውም ተከትሎ ይመጣል፤ እሱንም ስንሳሳት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ተጨቃጭቀን «መፍታት አለብን» እንላለን። ጥቅሱ ክርክሩን ጨርሱ አላለም። ቀጥሎ ያለውን አንብቡ፦ «ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት»። ጳውሎስ ሮሜ 12፥19 ላይ ያንኑ ቃል ደግሞታል፦ ራሳችሁ አትበቀሉ፣ «ለቍጣው ፈንታ ስጡ»፤ ለእግዚአብሔር ቁጣ ማለቱ ነው። ፈንታ ቦታ ነው፣ ድርሻ ነው። አንድ ወንበር አለ፤ ማታ ማን እንደሚቀመጥበት ነው ጉዳዩ። እንቅልፍ ከያዛችሁ «ነገ እናወራለን፣ ደህና እደር» ብሎ መተኛት ይበቃል።

6. ሌላው ምሕረት ሲያገኝ መናደድ

በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን የምናስታውሰው ዮናስ ዓሣ ነባሪ ሆድ የገባው ብቻ መስሎን ምዕራፍ 4ን እንዘልላለን። ነነዌ ስትድን ዮናስ ተናደደ። የተናደደበትን ምክንያትም በጸሎት ተናገረ፦ አንተ ይቅር ባይ፣ ታጋሽ፣ ምሕረትህም የበዛ እንደሆንህ አውቄ ነበር አለ። ከዳዊት ጋር የምናመሰግንበትን ቃል ዮናስ ለክስ አመጣው። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። ጥላ የምትሆነው ቅል አበቀለለት፤ በማግስቱ ትል መታትና ደረቀች፤ ዮናስ ለቅሏም ተናደደ፣ እስከ ሞት ድረስ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ጠየቀው፦ አንተ ላልደከምህባት ቅል ካዘንህ፣ እኔ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙም እንስሶች ላሉባት ከተማ አላዝንምን?

መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ዮናስ የመለሰው አልተጻፈም።